ወንዙ ጠባብ፣ መሻገሪያው ውድ
ኪንሻሳና ብራዛቪል ድልድይ አልባ ጎረቤቶች

በኮንጎ ወንዝ ግራና ቀኝ የሚተያዩትን ኪንሻሳንና ብራዛቪልን የሚለያያቸው ጥቂት ኪሎ ሜትር ውኃ ነው። ሮምና ቫቲካን ካልተቆጠሩ በቀር በዓለም ላይ የዚህን ያህል የተጠጋጉ የሁለት አገር መዲናዎች የሉም። በአንደኛው ዳር ከ15 ሚሊዮን በላይ ሕዝብ እንዳላት የምትገመተው የዴሞክራቲክ ኮንጎ መዲና ኪንሻሳ፣ በማዶው 2 ሚሊዮን ገደማ ነዋሪ ያላት የኮንጎ ሪፐብሊክ መዲና ብራዛቪል ተቀምጠዋል። በሁለቱም ገበያ በሊንጋላ መደራደር ይቻላል። በመካከላቸው ግን ድልድይ የለም።

ሞያሌን የሚያውቅ ነጋዴ ነገሩ ሊገርመው ይችላል። ሞያሌ ላይ በእግር የሚታለፈው ድንበር እዚህ ኪስ ያራቁታል። የዓለም ባንክ በ2012 ባወጣው ጥናት (ዓመቱ ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ነው) የደርሶ መልስ ጉዞ 40 ዶላር ያህል እንደሚያስወጣ፣ ይህም የአብዛኛውን ነዋሪ የወር ገቢ ከ40 እስከ 80 በመቶ እንደሚወስድ ገልጾ ነበር። በዚያው ጥናት መሠረት በሁለቱ መዲናዎች መካከል የሚመላለሰው ሰው፣ ግንቡ ሳይፈርስ በ1988 በምሥራቅና በምዕራብ በርሊን መካከል ይመላለስ ከነበረው በአምስት እጅ ያንሳል። ግንብ ከውኃ ይሻል ኖሯል!

ወጪውን ለመቀነስ የተገኘው ዘዴ ገበያ ምን ያህል ብልህ እንደሆነ ያሳያል። ከ1970ዎቹ ጀምሮ አካል ጉዳተኞች በጀልባው ላይ የዋጋ ቅናሽ፣ በጉምሩኩም በኩል አስተያየት ይደረግላቸው ነበር። ስለዚህ ባለ ሦስት እግር ጋሪያቸውን ሸቀጥ ሞልተው የሚሻገሩ ነጋዴዎች ሆኑ። ሌላውም ነጋዴ ዕቃውን በእነርሱ ጋሪ ማስጫን ጀመረ። የመንግሥት ቸርነት የገበያ ዋጋ ወጣለት ማለት ነው።

ለመንዛሪው የሚመቸው ደግሞ የሁለቱ ገንዘብ አለመመሳሰል ነው። ብራዛቪል የምትገበያየው በሴፋ ፍራንክ ሲሆን፣ የአንድ ዩሮ ዋጋ 655.957 ሴፋ ሆኖ የተቆረጠ ነው። ኪንሻሳ ዛየር የተባለውን ገንዘቧን በዋጋ ንረት ካጣች በኋላ በ1998 የኮንጎ ፍራንክን ብታወጣም፣ ነጋዴዋ የሚያምነው ዶላርን ነው። እሱንም መርጦ ነው፤ ጠርዙ ጥቂት የተቀደደ ኖት ከሆነ ይመለስበታል። በዚህም የተነሳ በሁለቱ ዳር የሚነግድ ሰው ወደደም ጠላ በዩሮና በዶላር ላይ ይወራረዳል። ዩሮ 1.20 ዶላር በሚያወጣበት ጊዜ የኪንሻሳው ነጋዴ 100 ዶላር ብራዛቪል ላይ 54,700 ሴፋ ገደማ ያመጣለታል። በጁላይ 2022 ዩሮና ዶላር እኩል ሲሆኑ ግን ያው 100 ዶላር 65,600 ሴፋ ያህል ደረሰ። የመንዛሪው ድርሻ ሳይቀነስ 20 በመቶ ብልጫ ነው። ዩሮ ሲያንሰራራ ደግሞ ሂሳቡ ይገለበጣል።

በስውር የሚሻገረውም ቀላል አልነበረም። የኮንጎ ሪፐብሊክ ከምታመርተው እጅግ የበለጠ አልማዝ ወደ ውጭ ስትልክ ተገኝታ በ2004 ከኪምበርሊ የአልማዝ ቁጥጥር ሥርዓት ተባረረች፤ የተመለሰችው በ2007 ነው። ትርፉ ከየት ይመጣ እንደነበር ለመገመት ማዶ ማየት ይበቃል።

ይህ ሁሉ ንግድ ግን ዋስትና የለውም። በኤፕሪል 2014 የብራዛቪል ፖሊስ «የታላላቆች ጥፊ» የሚል የሊንጋላ ስም በተሰጠው ዘመቻ የዴሞክራቲክ ኮንጎ ዜጎችን ማስወጣት ሲጀምር፣ በጥቂት ወራት ውስጥ ከ100,000 በላይ ሰዎች ወንዙን ተሻግረው ተመለሱ። ብዙዎቹ ንብረታቸውን ጥለው ነበር። ዱቤ የሰጠ ነጋዴ ተበዳሪውን በማዶ መፈለግ ነበረበት።

ድልድዩስ? በኖቬምበር 2018 ሁለቱ መንግሥታት ከአፍሪካ ልማት ባንክ ጋር ሆነው፣ ከኪንሻሳ ወደ ላይ በምትገኘው ማሉኩ 1,575 ሜትር ርዝመት ያለው የመኪናና የባቡር ድልድይ ለመሥራት ተስማሙ። ወጪው 550 ሚሊዮን ዶላር ገደማ ተገመተ። በዓመት 750,000 መንገደኛና 340,000 ቶን ጭነት የነበረው ምልልስም ወደ 3 ሚሊዮን መንገደኛና 2 ሚሊዮን ቶን ያድጋል ተባለ። ሥራው በ2020 ሊጀመር ቢታቀድም በዚያ ዓመት አልተጀመረም።

ችግሩ የገንዘብ ብቻ አይደለም። ከመዲናዎቹ በታች ወንዙ ፏፏቴ ስለሚበዛበት መርከብ ከባሕር ተነስቶ አይደርስባቸውም። በዚህ ምክንያት ለአንድ ወንዝ ሁለት የባቡር ሐዲድ ተዘረጋ፤ ከማታዲ ወደብ ወደ ኪንሻሳ የሚወጣው በ1898፣ ፈረንሳዮች ከፖይንት ኑዋር ወደ ብራዛቪል የዘረጉት በ1934 ተጠናቀቀ። ፖይንት ኑዋር ውቅያኖስ ዳር ያለ ጥልቅ ወደብ ነው፤ ማታዲ ግን ወንዝ ውስጥ በመሆኑ ትልልቅ መርከቦች አይገቡበትም። ድልድዩ ከተሠራ የኪንሻሳ ኮንቴይነር በፖይንት ኑዋር በኩል መግባት ይችላል። ያን ጊዜ የማታዲ ጫኝና አውራጅ፣ ባለ ካሚዮንና ጉምሩክ ገቢያቸው ይቀንሳል።

ማታዲ ያለችበት የኮንጎ ሴንትራል ክፍለ ሀገር ሰዎች «መጀመሪያ የራሳችን ጥልቅ ወደብ ይሠራ» የሚሉት ለዚህ ነው። በጅቡቲና በበርበራ ስሙ የሚታወቀው የዱባዩ ዲፒ ወርልድ በባናና የወደቡን የመሠረት ድንጋይ ያስቀመጠው በጃንዋሪ 2022 ሲሆን፣ የመጀመሪያው ምዕራፍ 600 ሜትር የመርከብ መቆሚያ አለው። በማሉኩ ድልድይ ላይ የሚከራከር ባለሀብት በመጀመሪያ የባናናን ግንባታ ቢከታተል ይሻለዋል።