ከርነል ቀይሮ የራስን የሊኑክስ ማስጫኛ ማዘጋጀት፦ አንድ ፋይል መተካት ለምን አይበቃም?

አዲስ ላፕቶፕ ላይ ሊኑክስ ልትጭኑ ስትሞክሩ ማስጫኛው ሃርድ ዲስኩን ወይም ዋይፋዩን ባያገኘው ዕቃው ተበላሽቷል ብላችሁ አትቸኩሉ። ብዙ ጊዜ ምክንያቱ ማስጫኛው ውስጥ ያለው ከርነል ከኮምፒውተሩ የቆየ መሆኑ ነው።

ከርነል የሊኑክስ እምብርት ነው። ፕሮግራሞችን ከሜሞሪ፣ ከዲስክና ከኔትወርክ ካርድ ጋር የሚያገናኘው እሱ ነው። ድራይቨሮቹ አብዛኛውን ጊዜ «ሞጁል» በሚባሉ ፋይሎች አብረውት ይመጣሉ። ለምሳሌ በፈረንጆቹ 2023 የወጣው ዴቢያን 12 የያዘው ከርነል 6.1 ነው። ከዚያ በኋላ የተመረተን ካርድ ላያውቀው ይችላል።

መፍትሔው አዲስ ከርነል ያለው ማስጫኛ ማዘጋጀት ነው። ብዙዎች የሚሳሳቱት ግን የከርነሉን ፋይል ብቻ ተክተው ሥራው ያለቀ ሲመስላቸው ነው። መቀየር ያለባቸው ሦስት ቦታዎች ናቸው፦

1. ኮምፒውተሩ ሲነሳ የሚጠራው ከርነል።

2. «ኢኒትአርዲ» የሚባለው፣ ለማስነሻ የሚያስፈልጉትን ሞጁሎች የያዘው ፋይል። ከርነሉ 6.12 ሆኖ ሞጁሎቹ የ6.1 ከሆኑ አይሠሩም።

3. ወደ ሃርድ ዲስኩ የሚገለበጠው ሲስተም። እዚህ የድሮው ከርነል ከቀረ ጭነቱ በሰላም ያልቃል፤ ኮምፒውተሩ እንደገና ሲነሳ ግን ዲስኩን ያጣዋል።

በዴቢያን ቀላሉ መንገድ «ላይቭ ቢልድ» በተባለው መሣሪያ ዲስኩን ከመጀመሪያው መሥራት ነው። አዲሱን ከርነል «ባክፖርትስ» ከሚባለው የዴቢያን ማከማቻ እንዲወስድ ማዘዝ ይቻላል። ከዚህ የሚወሰደው ከርነል የዴቢያን ፊርማ ስላለው «ሴኪዩር ቡት» አይከለክለውም። ራሳችሁ ያጠናቀራችሁትና ያልተፈረመ ከርነል ግን ይታገዳል። ዋይፋዩ አዲስ ፈርምዌር የሚፈልግ ከሆነም እሱን አብራችሁ ጨምሩ።

ዲስኩን በቨርቹዋል ማሽን መፈተሽ ጥሩ ጅምር ነው፤ ሆኖም እዚያ የእናንተ ዋይፋይና ዲስክ ስለሌሉ የመጨረሻው ፈተና ራሱ ላፕቶፑ ላይ ነው። ሙሉ በሙሉ ጭናችሁ፣ አጥፍታችሁ አስነሱት።

ማስጫኛውን ለሌላ ሰው የምትሰጡ ከሆነ ከርነሉ የሚተዳደርበት ጂፒኤል ፈቃድ ምንጭ ኮዱንም እንድታቀርቡ ያስገድዳል።

የምትጭኑት አንድ ኮምፒውተር ላይ ብቻ ከሆነ አዲሱን የዴቢያን እትም ማውረድ ይቀላል። ኢንተርኔት በሚቆራረጥበት ቦታ ብዙ ተመሳሳይ ኮምፒውተሮችን ለምታዘጋጁ ግን አንድ ጊዜ የተደከመበት ፍላሽ ለሁሉም ይበቃል።