ፊደልን ማዜምና ፊደልን ማወቅ

ሕፃን የነገሩትን ሁሉ አከታትሎ ስለ መለሰ ዐወቀ ማለት አይቻልም። አበው ይህን አስቀድመው ስለ ተረዱት በፊደል ገበታ ላይ መፈተኛ አቆሙለት።

በደራ ወረዳ በአንበሳሜ፥ እንዲሁም በደብረ ታቦር ዙሪያ በየደብሩ ፊደል የሚቈጥር ሕፃን አስቀድሞ «ሀ ሁ ሂ» እያለ በተራ ያዜማል። ዜማው ከጆሮው ከገባ በኋላ ዓይኑ ከገበታው ቢነሣም ምላሱ አይስትም። ስለዚህ መምህሩ ወደ «አ ቡ ጊ ዳ» ያሻግረዋል። በዚያ ግዕዙ፥ ካዕቡ፥ ሣልሱና ራብዑ ተሰባጥረው ይመጣሉ፤ ምላስ የለመደውን መንገድ ሲያጣ ዓይን ለማየት ይገደዳል።

እኔም በልጅነቴ ገበታውን ያለ ስሕተት ወጥቼ ተመስግኜ ነበር። በማግሥቱ መምህሩ በስንደዶ ከመካከል አንዲት ፊደል ቢያመለክቱኝ ዝም አልሁ፤ ስለ ዝምታዬም በአለንጋ ተመታሁ። አለንጋው ፊደሏን አላሳወቀኝም። ያሳወቀኝ ከእኔ ከፍ ያለ ተማሪ ነው፤ ጣቴን ይዞ አንድ በአንድ አስቈጠረኝ።

ይህን ስንል የቃል ጥናትን መንቀፋችን አይደለም። በጋይንት ያለችው ቤተ ልሔም የድጓ ማስመስከሪያ ሆና የኖረችው በቃል በሚያጠኑና በሚያስጠኑ ሊቃውንት ትጋት ነው። ነገር ግን የቅኔ መምህር ደቀ መዝሙሩ የትናንቱን ቅኔ ደግሞ ቢያመጣለት አይቀበለውም። ከጉባኤ ቃና ጀምሮ በየዕለቱ አዲስ እንዲቈጥር ያዝዘዋል፤ በነገረውም ጊዜ የተጣመመውን ያቀናለታል። እንግዲህ የቃል ጥናት መሠረት ነው፤ ማስተዋል ግን በላዩ የሚሠራው ቤት ነው።

በዘመናዊው ትምህርት ቤት ይህ ሥርዓት በብዙ ስፍራ ተዘንግቷል። መምህር ከጥቍር ሰሌዳ ላይ ይጽፋል፤ ተማሪዎች ይገለብጣሉ፤ በአንድ ድምፅም ይመልሳሉ። በ2002 ዓ.ም. በስድስት የሀገራችን ቋንቋዎች በተደረገው የንባብ ምዘና ከሁለተኛ ክፍል ተማሪዎች ሲሶ ያህሉ ከቀረበላቸው ታሪክ አንዲት ቃል እንኳ ማንበብ እንዳልቻሉ ታውቋል። እነዚህ ሕፃናት በጉባኤው ድምፅ ውስጥ ተሸሽገው የኖሩ ናቸው።

ስለዚህ ትምህርት ቤት የሚጐበኝ ሹም ሁሉ የክፍሉን ጩኸት ሰምቶ ደስ ብሎት አይመለስ። መጽሐፉን ከመካከል ገልጦ ከኋላ የተቀመጠውን አንድ ሕፃን ለብቻው ያስነብብ። ሕፃኑ ቢያቅተው መምህሩን ይጠይቅ እንጂ ሕፃኑን አይቈጣ። የደብር አለቆችም ከየጉባኤያቸው አለንጋውን አስወጥተው አቡጊዳውን ያጽኑ።