ማዕዘን ላይ ያስቸገረን እንጨት

የእህታችን ኒካሕ ሊደርስ ሁለት ሳምንት ሲቀረው የሳሎናችንን ኮርኒስ ጠርዝ በራሳችን እጅ ልንጨርስ ተነሣን። ችፑዱ ከተመታ ዓመታት ቢያልፉትም ከግድግዳው ጋር የሚገናኝበት ክፍተት እንዳፈጠጠ ነበር። ይህን የሚሸፍነውን፣ አናጢዎች ኮርነር ሊስት የሚሉትን የጠርዝ እንጨት ለአራቱ ግድግዳ አራት፣ ለመጠባበቂያ አንድ ገዛን። (በነገራችን ላይ ኮርኒስ የሚለው ቃል በጣሊያንኛ ጠርዝን ወይም ክፈፍን ነው የሚጠራው። እኛ ዘንድ ግን መላው የጣሪያ ልባስ ስሙን ወረሰ።) መጠባበቂያውን በመጀመሪያው ሰዓት አበላሸነው። በእጃችን የቀረው ገንዘብ ለቀለም ብቻ ነበር።

ጥፋታችን ይህ ነው። እንጨቱን በጀርባው አስተኝተን በ45 ዲግሪ ቆረጥነው። ሁለቱ ጫፎች መሬት ላይ በደንብ ገጠሙ፤ ወደ ላይ ሲወጡ ግን አልተገናኙም። ጎረቤታችን የሆኑ አዛውንት አናጢ አይተው፦ «ልጆቼ፣ ይህ እንጨት ጣሪያው ላይ ይተኛል እንዴ? ዘንበል ብሎ አይደለም የሚቆመው? እንደሚቆመው አድርጋችሁ ቁረጡት» አሉን።

ዘዴው እንዲህ ነው። ከሦስት ሳንቃ የተሠራውን፣ የ45 ዲግሪ ፍንጭት ያለውን የመቁረጫ ሳጥን ወስዳችሁ የሳጥኑን ወለል ጣሪያ፣ ጎኑን ግድግዳ አድርጋችሁ አስቡት። ስለዚህ እንጨቱ ተገልብጦ ይገባል፤ ጣሪያውን የሚነካው ጠርዝ ከወለሉ፣ ግድግዳውን የሚነካው ከጎኑ ጋር ይለጠፋል። ሲገለበጥ ግራው ቀኝ ይሆናልና እዚህ ላይ ጥንቃቄ ያሻል። በክፍሉ ውስጠኛ ማዕዘን የግድግዳው ጠርዝ ረጅም፣ የጣሪያው ጠርዝ አጭር ሆኖ መውጣት አለበት። ስለዚህ ግድግዳውን ለክታችሁ ልኩን በግድግዳው ጠርዝ ላይ ምልክት አድርጉ፤ 1 ወይም 2 ሚሊ ሜትር ብታስረዝሙት ተወጥሮ ይገባል። እንደ ምሰሶ ወደ ውጭ በወጣ ማዕዘን ግን ነገሩ ይገለበጣል፤ የሚረዝመው የጣሪያው ጠርዝ ነው።

ይህን ሁሉ አስተካክለንም በመስኮቱ በኩል ያለው ማዕዘን ፊት ለፊቱ ተከፍቶ ቀረ። ቤታችን የጭቃ ነው፤ ልስኑ በእጅ የተሠራ ነውና ማዕዘኑ ቀጥ ያለ 90 ዲግሪ አይደለም። ይህን ለማወቅ ከማዕዘኑ ተነሥታችሁ በአንዱ ግድግዳ 60፣ በሌላው 80 ሳንቲ ሜትር ምልክት አድርጉ። በሁለቱ ምልክቶች መካከል 100 ሳንቲ ሜትር ከሆነ ማዕዘኑ ደህና ነው። የእኛ 102 ሆነ፤ ማለትም ማዕዘኑ ከ92 ዲግሪ በላይ ሰፍቷል። ሁለት ጊዜ 45 ደግሞ 90 እንጂ 92 አይሆንም።

አዛውንቱ ያኔ ያሳዩን ዘዴ ለጀማሪ ከሁሉ ይሻላል እንላለን። የመጀመሪያውን እንጨት በቀጥታ ቆርጣችሁ ከማዕዘኑ ድረስ አስገብታችሁ ምቱት። ሁለተኛውን ለውስጥ ማዕዘን እንደሚደረገው በ45 ዲግሪ ቁረጡት። ከዚያም በፊት ለፊቱ የወጣውን የቅርጹን መስመር በእርሳስ አጥቁራችሁ፣ ምላጩ ቀጭን በሆነ መጋዝ መስመሩን ተከትላችሁ ቁረጡ። መጋዙን ወደ ኋላ ዘንበል አድርጉት፤ ከጀርባው ብዙ እንጨት ሲነሣ የሚነካው የፊቱ መስመር ብቻ ይሆናል። በሞረድና በብርጭቆ ወረቀት አስተካክሉት። ያን ጊዜ ሁለተኛው እንጨት የመጀመሪያውን ፊት አቅፎ ይቀመጣል፤ ማዕዘኑ ትንሽ ቢሰፋም ቢጠብም ግድ የለውም። ይህ ግን ለውስጥ ማዕዘን ብቻ ነው፤ የውጩ በ45 ተቆርጦ በኮላ ይጣበቃል። ዙሩን ስትጨርሱ የመጨረሻው እንጨት በሁለቱም ጫፉ እንዲህ ይቀረጻልና ትዕግሥታችሁን ለእሱ አስቀሩ።

መሰላል ላይ አንድ ሰው ብቻውን አይሥራ። አንዱ ጫፉን ይያዝ፣ ሌላው ይምታ። የቀረ ስንጥቅ ካለ በስቱኮ ይሞላል። እኛም የመስኮቱን በኩል ሞልተናል፤ እናታችን አሁንም ከመቀመጫቸው ሆነው ያችን ቦታ ለይተው ያዩዋታል።

የተበላሸውን አምስተኛ እንጨት አልጣልነውም። በ30 ሳንቲ ሜትር ቆራርጠን፣ በትክክል ገዝገዝን፣ በየጀርባው «የውስጥ ግራ»፣ «የውስጥ ቀኝ» ብለን ጻፍንበት። የመኝታ ክፍሉን ስንጀምር መጀመሪያ ማዕዘኑ ላይ ያስጠጋነው እነዚህን ቁርጥራጮች ነው።