የግቢ መገልገያ ፍላጎት ግምገማ

የግቢ መገልገያ ፍላጎት ግምገማ የአንድ ትምህርት ተቋም ክፍሎች፣ ወርክሾፖች፣ ቤተ ሙከራዎች እንዲሁም የውሃና የመብራት አቅርቦት ለተማሪዎቹ መብቃታቸውን የማጣራት ሥራ ነው። በኢትዮጵያ ለዩኒቨርሲቲዎችም ሆነ ለቴክኒክና ሙያ ኮሌጆች ያስፈልጋል።

ግምገማው በየግቢው ለየብቻ ይካሄዳል። ለምሳሌ በ1999 ዓ.ም. የተመሠረተው ወለጋ ዩኒቨርሲቲ ከነቀምት ሌላ በጊምቢና በሻምቡ ግቢዎች አሉት። የጊምቢ ተማሪ በየቀኑ ነቀምት ሄዶ ቤተ ሙከራ ሊጠቀም ስለማይችል፣ የሦስቱን ግቢዎች ድምር ብቻ ማየት የአንዱን እጥረት ይሸፍናል።

ዋናው ጥያቄ «ስንት ዕቃ አለ?» ሳይሆን «ስንት ሰዓት ያገለግላል?» የሚለው ነው። ለማሳያ ያህል፣ 180 ሠልጣኞች እያንዳንዳቸው በሳምንት 6 ሰዓት ኮምፒውተር ቢያስፈልጋቸው ፍላጎቱ 1,080 ሰዓት ነው። በንብረት መዝገብ 27 ኮምፒውተሮች ቢኖሩም የሚሠሩት 20 ብቻ ከሆኑና ክፍሉ በሳምንት 40 ሰዓት ከተከፈተ፣ አቅሙ 800 ሰዓት ይሆናል። መብራት 4 ሰዓት ሲጠፋ ደግሞ ሌላ 80 ሰዓት ይቀንሳል።

መብራት ባይጠፋ እንኳ 280 ሰዓት ይጎድላል። ጉድለቱ የተበላሹትን 7 ኮምፒውተሮች በመጠገን፣ ወይም ክፍሉን በማታና በቅዳሜ 14 ሰዓት ጨምሮ በመክፈት ይሞላል። ስለዚህ አዲስ ግዢ ወይም ግንባታ ከመጠየቁ በፊት ጥገናና የሰዓት ድልድል ይታያሉ።