አሮጌ ፒክአፕ መኪናን ከሩቅ ስለ ማስነሣት

በላስታ ደጋ ሌሊቱ ብርቱ ብርድ አለው፤ የላሊበላ ከተማ ራስዋ ከባሕር ወለል በላይ 2,500 ሜትር ያህል ከፍ ብላ ትገኛለች። ስለዚህ ለወረዳ ሥራ የሚወጣ አሮጌ ፒክአፕ ማለዳ ሞተሩ እስኪሞቅ ድረስ ያስጠብቃል። ባለመኪናው ከቤቱ ሆኖ ሞተሩን የሚያስነሣበትን መሣሪያ በገዛ እጁ ለመግጠም ቢያስብ፥ አሳቡ መልካም ነው፤ አስቀድሞ ሊመረመር የሚገባው ነገር ግን አለ።

መሣሪያው ከቁልፉ ሥር ካሉት ሽቦዎች ጋር ተያይዞ፥ ትእዛዝ ሲደርሰው እንደ ቁልፉ ወደ ሞተሪኖው ኤሌክትሪክ ይለቃል። መኪናው ማርሽ ውስጥ መሆኑን ግን በራሱ አያውቅም። በዳገት አገር ደግሞ ሾፌር መኪናውን አንደኛ ማርሽ አስገብቶ፥ ከጎማው ሥር ድንጋይ ደግፎ ያቆማል። እንዲህ የቆመ መኪና ከሩቅ ቢነሣ፥ ሰው ሳይዘው ይሄዳል፤ ከፊቱ የሚያገኘውን ሕፃን ወይም ከብት ይደፈጥጣል።

ስለዚህ ማርሹ ዜሮ ላይ ካልሆነና የእጅ ፍሬኑ ካልተሳበ ሞተሩን የማያስነሣ መቈጣጠሪያ አብሮ ሊገጠም ይገባል። መኪናው በናፍጣ የሚሠራ ከሆነ፥ ማሞቂያው ካንዴላ እስኪግል የሚታገሥ መሣሪያ ይመረጥ። ሽቦ ከመነካቱ በፊት ባትሪው ይፈታ። ጢሱ ሰው ስለሚገድል፥ በተዘጋ ቤት ውስጥ ሞተር ማስነሣት ፈጽሞ አይገባም።

መቈጣጠሪያው የእጅ ፍሬኑ መሳቡን እንጂ ጎማውን አጥብቆ መያዙን አያውቅም። ስለዚህ ፍሬኑ ዳገት ላይ የማይዝ መኪና አስቀድሞ ይጠገን፤ እስከዚያው ሾፌሩ ማለዳ ወጥቶ በቁልፉ ቢያስነሣው ይሻላል።