የተላቀቀ እጀታ በምን ይጣበቅ?

እዚህ ፋርመርስ ብራንች ሰኔና ሐምሌ ሲመጣ ሁሉም ሰው ደጅ ነው። (አገር ቤት ሰኔና ሐምሌ ክረምት ነው፤ ዝናብ ይወርዳል። እዚህ ግን ፀሐዩ አናት ይበሳል።) ቅዳሜ ጠዋት አንዱ የበረዶ ሣጥኑን መኪና ላይ ይጭናል። አንዱ የዓሣ ማጥመጃ ዘንጉን ይዞ ወደ ሉዊስቪል ሐይቅ ይሄዳል። ሌላው ደግሞ በጆን ኤፍ. በርክ የተፈጥሮ ጥብቅ ቦታ ውስጥ ዛፍ ለዛፍ ይንሸራሸራል። የያዟቸው ዕቃዎች ሁሉ እጀታ አላቸው። ቀድሞ የሚበላሸውም ብዙ ጊዜ እጀታው ነው።

እስቲ ቃሉን እንየው። «እጀታ» የመጣው «እጅ» ከሚለው ቃል ነው፤ እጅ የሚይዘው ክፍል ማለት ነው። የቢላ እጀታ፣ የጃንጥላ እጀታ እንላለን። ለመጥረቢያና ለዶማ ሲሆን ግን ስሙ «ዛቢያ» ነው። ገበሬ ሲያርስ በእጁ የሚይዘው እንጨት «እርፍ» ይባላል። የሲኒ መያዣ ደግሞ «ጆሮ» ነው። አገልግል ቤታችሁ ካለ ልብ ብላችሁ ተመልከቱት። በቆዳ የተለበጠው ያ የምሳ ዕቃ በትከሻ የሚያዝበት ጠፍር አለው፤ «ማንገቻ» ይባላል። ማንገቻው የተያያዘው በማጣበቂያ ሳይሆን በስፌትና በቋጠሮ ነው። ይህን ነገር አስታውሱት፤ ኋላ እንመለስበታለን።

በእኛ ቤት ሰሞኑን የተላቀቀው የእናቴ የእግር ጉዞ ዘንግ እጀታ ነው። እናቴ 74 ዓመቷ ነው። በየጠዋቱ ፀሐይ ሳይከር በሰፈራችን መናፈሻ አንድ ሰዓት ትራመዳለች። ዘንጉ አሉሚኒየም ነው፤ እጀታው ከእንጨት የተሠራ ነው። መጀመሪያ እጀታው ትንሽ ትንሽ መዞር ጀመረ። ከሳምንት በኋላ እጇ ላይ ቀረ። ደግነቱ ያን ጊዜ ቆማ ነበር።

ልጆቹ «እማዬ፣ አይዞሽ፣ በሱፐር ግሉ በአምስት ደቂቃ እናጣብቅልሻለን» አሏት።

«ተዉ ልጆቼ፣ እኔ እኮ የምደገፈው እሱን ነው። ደኅና አድርጋችሁ ሥሩልኝ» አለች።

እውነቷን ነው። የአሻንጉሊት እጀታ ቢላቀቅ ጨዋታው ይቆማል። አንዲት አያት የተደገፈችበት እጀታ ቢላቀቅ ግን ዳሌዋን ልትሰበር ትችላለች።

ሱፐር ግሉን መናቄ አይደለም። ታሪኩ ራሱ ደስ ይላል። እ.ኤ.አ. በ1942 በጦርነቱ ጊዜ ሃሪ ኩቨር የሚባል የኮዳክ ኩባንያ ኬሚስት ለጠመንጃ ማነጣጠሪያ የሚሆን ጥርት ያለ ፕላስቲክ ይፈልግ ነበር። ያገኘው ነገር የነካውን ሁሉ እየያዘ አስቸገረውና ተወው። በማጣበቂያነት ገበያ ላይ የዋለው በ1958 ነው። ሱፐር ግሉ የሚጠነክረው ዕቃው ላይ ካለችው ጥቂት እርጥበት ጋር ሲገናኝ ነው። ጣታችንን ቶሎ የሚይዘውም ለዚህ ነው፤ ቆዳችን እርጥበት አለው። የተሰበረ የሸክላ ጌጥ ላይ ጎበዝ ነው፤ ስባሪዎቹ እርስ በርስ ልክክ ይላሉና። ነገር ግን ክፍተት ሲኖር አይሞላም። ከደረቀ በኋላ እንደ መስታወት ነው፤ ሲመቱት ይሰነጠቃል። ዘንግ ደግሞ በእያንዳንዱ እርምጃ መሬት ይመታል።

ስለዚህ «ከሁሉ የሚጠነክረው የትኛው ነው?» ብሎ መጠየቅ ብዙ አይጠቅምም። መጀመሪያ ኃይሉ ከየት በኩል እንደሚመጣ ማየት ያስፈልጋል። እንጀራ ሲጋገር አይታችሁ ከሆነ ነገሩ ይገባችኋል። እንጀራው ከምጣድ ሲወጣ መጀመሪያ የሚነሣው ጠርዙ ነው። ከዚያ ሰፌዱ ከሥሩ ይገባል፤ የቀረው ያለ ችግር ይከተላል። መሐሉን ይዛችሁ በአንድ ጊዜ ብትጎትቱት ግን ይቀደዳል እንጂ አይነሣም። ማጣበቂያም እንደዚሁ ነው። ከጠርዝ ጀምሮ የሚልጥ ኃይል ሲመጣበት ጠንካራውም ይሸነፋል፤ ምክንያቱም ሸክሙ በሙሉ የሚያርፈው ጠርዙ ላይ ባለች ቀጭን መስመር ላይ ነው። ሁለቱ ዕቃዎች ጎን ለጎን ሊንሸራተቱ ሲሞክሩ ግን የተጣበቀው ቦታ ሁሉ ሸክሙን ይካፈላል።

የእናቴ እጀታ ቀዳዳ አለው፤ ዘንጉ እዚያ ውስጥ ይገባል። ኃይሉም የሚያንሸራትት ዓይነት ነው። ይህ ለማጣበቂያ የተመቸ ነው። የበረዶ ሣጥን ጎን ላይ ለጥ ብሎ የተለጠፈ እጀታ ግን በተነሣ ቁጥር ይላጣል።

ከኃይሉ ቀጥሎ የአየሩ ጠባይ አለ። በዳላስ አካባቢ እ.ኤ.አ. በ2011 የበጋው ሙቀት 71 ቀን 100 ዲግሪ ፋራናይት ደርሷል ወይም አልፏል፤ ይህም ወደ 38 ዲግሪ ሴልሺየስ ነው። በየካቲት 2021 ደግሞ ያ ሁላችንም የምናስታውሰው ብርድ መጣና ከዜሮ በታች 19 ዲግሪ ሴልሺየስ ገደማ ወረደ። አሉሚኒየም በሙቀት ይለጠጣል፣ በብርድ ይሰበሰባል። እንጨት ደግሞ እርጥበት ሲያገኝ ያብጣል። በመሐላቸው ያለው ማጣበቂያ ሁለቱንም መቻል አለበት። በዚያ ላይ ፀሐይ ላይ የቆመ መኪና ውስጡ እንደ ምድጃ ነው። ልጆች ለእጅ ሥራ የሚጠቀሙበት እየቀለጠ የሚወጣው ማጣበቂያ እዚያ ውስጥ ይለሰልሳል። በአምስት ደቂቃ የሚይዙ አንዳንድ ኢፖክሲዎችም ከ50 እና 60 ዲግሪ ሴልሺየስ ሲያልፍ ጉልበታቸው ይቀንሳል።

እኛ የመረጥነው ቀስ ብሎ የሚጠነክረውን ኢፖክሲ ነው። ኢፖክሲ በሁለት ቱቦ ይመጣል፤ አንዱ ሙጫው ነው፣ ሌላው ማጠንከሪያው። ለየብቻቸው ሲሆኑ አይጠነክሩም። ሲቀላቀሉ ግን በመካከላቸው ኬሚካላዊ ለውጥ ይጀመርና ወደ ጠጣርነት ይለወጣሉ። እንደ ቀለም ውኃው ተኖ የሚደርቅ ስላልሆነ በወፍራሙም ይጠነክራል፣ ክፍተትም ይሞላል። የዓሣ ማጥመጃ ዘንግ የሚሠሩ ሰዎችም የቡሽ እጀታውን የሚያጣብቁት በቀርፋፋው ኢፖክሲ ነው።

ከእነዚህ ውስጥ አንዱ የሰፈራችን ልጅ ነው ማለት ይቻላል። ጄቢ ዌልድ የሚባለው ግራጫ ኢፖክሲ የተወለደው በሰልፈር ስፕሪንግስ ነው፤ ከዚህ በመኪና ወደ ምሥራቅ አንድ ሰዓት ተኩል ያህል ይርቃል። ሳም ቦንሃም የሚባል የዚያ ከተማ ሰው እ.ኤ.አ. በ1969 መሸጥ ጀመረ። አንደኛው ቱቦ ጥቁር፣ ሁለተኛው ቀይ ነው፤ እኩል እኩል ይቀላቀላሉ። ከ4 እስከ 6 ሰዓት ውስጥ ይይዛል፣ ሙሉ ጉልበቱን የሚያገኘው ግን ከ15 እስከ 24 ሰዓት ባለው ጊዜ ነው። ሙቀት በመቋቋምም የታወቀ ነው። የሌላ ኩባንያ ቀርፋፋ ኢፖክሲም ይሆናል፤ ማሸጊያው ላይ ለብረትና ለእንጨት እንደሚያገለግልና ምን ያህል ሙቀት እንደሚችል አንብቡ።

አሁን ሰው ሁሉ የሚዘለውን ነገር ልንገራችሁ፤ ጽዳቱን። እንደገና ወደ ምጣዱ እንሂድ። እናቶቻችን ሊጥ ከመጨመራቸው በፊት ምጣዱን በጎመን ዘር ያሰሱታል። ለምን? እንጀራው እንዳይጣበቅ። ጥቂት ቅባት ካለ ሊጡ ምጣዱን ጥብቅ አድርጎ አይይዝም ማለት ነው። የእጃችን ወዝ፣ የፀሐይ መከላከያ ቅባት፣ የቆየ ማጣበቂያ፣ ሁሉም እንደ ጎመን ዘሩ ናቸው። እጀታ ስናጣብቅ የምንፈልገው የዚህን ተቃራኒ ነው።

ልጆቹ ሥራውን የጀመሩት አሮጌውን ማጣበቂያ በቢላ ፍቆ በማውጣት ነው። ከዚያ እጀታው ውስጥ የሚገባውን የዘንጉን ጫፍ በብርጭቆ ወረቀት ሸካራ እስኪሆን ፈተጉት። የሚያብረቀርቅ አሉሚኒየም ለዓይን ያምራል እንጂ ለማጣበቂያ አይመችም። ቀጥሎ በንጹሕ ጨርቅና በአልኮል ጠረጉት። ከዚያ በኋላ በባዶ እጅ መንካት የለም። ጓንት አደረጉ፤ ኢፖክሲ ቆዳን ሊያስቆጣ ይችላልና። መስኮቱንም ከፈቱ። ሁለቱን ቱቦዎች ካርቶን ላይ እኩል ጨምቀው አንድ ዓይነት መልክ እስኪይዝ ድረስ አዋሐዱ። ቀጭን አድርገው ዘንጉንም የእጀታውንም ቀዳዳ ቀቡ። እጀታውን እያዞሩ ቀስ ብለው አስገቡት። ማዞሩ ማጣበቂያውን ያዳርሰዋል፣ የታመቀውም አየር መውጫ ያገኛል። ቀጥ ብሎ ከተገፋ አየሩ እንደ ፒስተን እጀታውን መልሶ ያስወጣዋል። የፈሰሰውን ጠርገው በፕላስተር አሠሩትና ጥግ አስቀመጡት።

ከባዱ ክፍል መጠበቁ ነበር። እናቴ በማግሥቱ ጠዋት «አሁንም አልደረቀም?» እያለች ሦስት ጊዜ መጣች። አንድ ቀን ሙሉ ከሞላ በኋላ እኔ ራሴ ተደገፍኩበት፣ ጠመዘዝኩት፣ መሬትም መታሁበት። ከዚያ ነው የሰጠናት። የተጠገነ ዘንግ ለሰው ከመስጠት በፊት ከባዱ ሰው ይሞክረው፤ በእኛ ቤት ያ ሰው እኔ ነኝ።

የበረዶ ሣጥኑ ነገር ግን ሌላ ነው። ብዙዎቹ ሣጥኖች የሚሠሩት ማጣበቂያ ከማይቀበል ፕላስቲክ ነው። ሥሩን ገልብጣችሁ እዩ። ሦስት ማዕዘን ውስጥ 2 ወይም 5 የሚል ቁጥር ካለ ፖሊኢትሊን ወይም ፖሊፕሮፒሊን ነው። ውኃ ጠብ አድርጉበት፤ ክብ ሆኖ ይቀመጣል እንጂ አይዘረጋም። ኢፖክሲም ላዩ ላይ ይቀመጣል፣ ሲደርቅ ግን እንደ ቅርፊት ይነሣል። ለእነዚህ ፕላስቲኮች ተብለው የተሠሩ ልዩ ማጣበቂያዎች አሉ፤ ማሸጊያቸው ላይ የሁለቱ ፕላስቲኮች ስም ተጽፏል። ቢሆንም አስቡት። ግማሽ ሊትር የሚይዙ 24 ጠርሙስ ውኃዎች ብቻቸውን 12 ኪሎ ናቸው። በረዶና ምግብ ሲጨመር ይህ ሁሉ የሚንጠለጠለው እጀታው ላይ ነው፤ የሚላጥ ዓይነት ኃይል። እዚህ ላይ ነው አገልግሉን አስታውሱ ያልኳችሁ። የድሮ ባለሙያ ማንገቻውን አልለጠፈውም፤ ሰፍቶታል። እኛም ሣጥኑን በትራፓኖ በስተን ብሎን፣ ሰፊ ሮንዴላና ዳዶ ብናስር ይሻላል። ብሎኑ የገባበትን ቀዳዳ በሲሊኮን መድፈን ይቻላል፤ ውኃ እንዳይገባ ነው እንጂ ሸክም እንዲይዝ አይደለም።

ለቆዳ፣ ለጎማና ለስፖንጅ ደግሞ አዲስ አበባ ውስጥ ጫማ ሰፊዎች የሚጠቀሙበት ማስቲሽ አለ። ጫማ ሰፊው ሁለቱንም ገጽ ይቀባል፣ ጥቂት ይጠብቃል፣ ጣት ላይ የማይለጠፍ ሲሆን ያገናኝና በመዶሻ ይመታል። መጠበቁን የማያውቅ ሰው እርጥቡን ያገናኘዋል፣ ሶሉም በማግሥቱ ይከፈታል። የስፖንጅ መያዣ ያለው የብስክሌት እጀታ በዚህ ጥሩ ይሆናል። ሽታው ግን ጎጂ ስለሆነ ደጅ ላይ ወይም ጋራዡን ከፍታችሁ ሥሩ።

አንድ ዕቃ ቀረ፤ መጥረቢያ። ካምፕ ስትሄዱ እንጨት የምትፈልጡበት ትንሿ መጥረቢያ ዛቢያዋ ከላላ በማጣበቂያ ብቻ አትሞክሩት። ብረቱ በመሐል በሮ ከወጣ ከአጠገብ የቆመውን ሰው ይመታል። ትክክለኛው መንገድ በዛቢያው ጫፍ ላይ ሽብልቅ መምታት ነው። ሽብልቅ አንድ ወገኑ ቀጭን፣ ሌላው ወፍራም የሆነ ቁራጭ ነው፤ ሲገባ እንጨቱን ይከፍተውና በብረቱ ዓይን ውስጥ ያጣብቀዋል። ዛቢያው ራሱ ከተሰነጠቀ ይቀየራል። እስኪቀየር ድረስ መጥረቢያዋን ልጆች ከማይደርሱበት መደርደሪያ ላይ አስቀምጧት።