ምጣዱ ሲነዝር ዝም አንበል

በዛሬው ንግግራችን ከቤታችን አንድ ዕቃ አንሥተን እንመረምራለን። ዕቃው የኤሌክትሪክ ምጣድ ነው። ጥያቄያችንም ይህ ነው፦ ለገበያ የቀረበ ዕቃ አደገኛ መሆኑ የሚታወቀው እንዴት ነው? የሚመዝነውስ ማን ነው?

ነገሩን ያነሣሁት ያለ ምክንያት አይደለም። ቂርቆስ ውስጥ በማስተምርበት የማታ ክፍል አንዲት እናት አሉ። እንጀራ ጋግረው በመሸጥ ልጆቻቸውን ያሳደጉ ናቸው። ቁጥር ስንማር «ከቤታችሁ ዕቃ ላይ የተጻፈ ቁጥር ገልብጣችሁ ኑ» ብዬ ነበር። በማግስቱ «220» እና «3500» ብለው ጽፈው መጡ። ከምጣዳቸው ላይ የገለበጡት ነው። አንብበው ሲጨርሱ፣ «መምህር፣ ይኸው ምጣድ እኮ ይነዝረኛል» አሉኝ።

«ከመቼ ጀምሮ?»

«ኧረ ቆየ! ደረቅ ጫማ ካደረግሁ ግን ምንም አይለኝ። ለምጄዋለሁ።»

እንግዲህ ልብ በሉ። አደጋ የሚደበቀው «ለምጄዋለሁ» በምትለው ቃል ውስጥ ነው።

በመጀመሪያ ሁለቱን ቁጥሮች እንፍታ። 220 ቮልት ነው፤ ኮረንቲውን የሚገፋው ግፊት ማለት ነው። 3500 ዋት ነው፤ ምጣዱ የሚበላው ኃይል ማለት ነው። 3500ን ለ220 ብናካፍል ወደ 16 እናገኛለን። ይህ አምፔር ይባላል፤ በሽቦው የሚያልፈው የኮረንቲ መጠን ነው። ባለ 100 ዋት አምፖል ግን ግማሽ አምፔር እንኳ አይሞላም። ስለዚህ ለአምፖል የተዘረጋ ቀጭን ሽቦ ምጣድ ሲጫንበት ይግላል፣ ልባሱ ይቀልጣል፣ ቤት እስከ ማቃጠልም ይደርሳል። ሰውን ለመጉዳት ደግሞ 16 አምፔር አያስፈልግም። የአንድ አምፔር ከሺህ 30 እጅ ብቻ በሰውነት ውስጥ ቢያልፍ ለሕይወት ያሰጋል።

አሁን ወደ ምዘናው እንግባ። የዕቃን ደኅንነት የሚቆጣጠሩ ባለሙያዎች ሥራቸውን በአራት ጥያቄ ይጀምራሉ።

አንደኛ፦ ዕቃውን ማን ይጠቀምበታል? እንዴትስ ይጠቀምበታል? አምራቹ «በደረቅ እጅ ብቻ ይነካ» ብሎ ቢጽፍ አይበቃም። ጋጋሪ እጇ ሊጥ ነው፣ ወለሉ እርጥብ ነው፣ ሕፃን አጠገቧ ይድሃል። ምጣድ መመዘን ያለበት በወረቀት ላይ ባለው አጠቃቀም ሳይሆን በእውነተኛው ማዕድ ቤት ነው።

ሁለተኛ፦ ጉዳቱ ከምን ይመነጫል? በምጣድ ላይ ሁለት ነገር አለ፤ ሙቀትና ኮረንቲ። ነገር ግን የጉዳት ምንጭ መኖሩና ጉዳት መድረሱ አንድ አይደሉም። ቢላዋ በሳጥን ተቆልፎ ሲቀመጥና በሕፃን እጅ ሲገባ ስለቱ ያው ነው፤ አደጋው ግን የተለያየ ነው።

ሦስተኛ፦ ጉዳቱ በምን መንገድ ይደርሳል? ይህን እንደ ሰንሰለት አስቡት። ሸክላው ይሰነጠቃል። ሊጥና ውሃ ከሥር ወዳለው ጥምዝምዝ ሽቦ ይንጠባጠባል። ኮረንቲው ወደ ቆርቆሮው አካል ያመልጣል። ባለሙያዎች ኧርዝ የሚሉት የመሬት ሽቦ በደንብ ከተያያዘ ያመለጠው ኮረንቲ በእርሱ በኩል ወደ መሬት ይወርዳል። ከሌለ ግን መንገዱ የሰው አካል ይሆናል።

ለስሌት ያህል እንዲህ እንበል፤ ቁጥሩ ለምሳሌ የተወሰደ ነው። ከ100 ምጣዶች 10ሩ ሸክላቸው ተሰንጥቆ ኮረንቲ ቢያመልጣቸው፣ ከ10ሩም ግማሾቹ የመሬት ሽቦ ባይኖራቸው፣ 5 ቤት ውስጥ ሰው ይነዘራል ማለት ነው። የመሬት ሽቦው በሁሉም ላይ ቢኖርና ቢሠራስ? ሸክላው ቢሰነጠቅም ሰንሰለቱ ይቆረጣል። የምዘና ጥቅሙ ይህ ነው፤ የትኛው ቀለበት ቢጠብቅ ሰው እንደሚድን ያሳያል።

አራተኛ፦ ጉዳቱ ቢደርስ ምን ያህል ይከብዳል? ጣትን ጥቂት የሚለበልብ ነገር ደጋግሞ ቢደርስ እንኳ እንደ መካከለኛ አደጋ ሊቆጠር ይችላል። የሚገድል ነገር ግን አልፎ አልፎ ቢደርስም ከባድ አደጋ ነው። ተቆጣጣሪው ዕድሉንና ክብደቱን አንድ ላይ አይቶ ይወስናል፤ ማስጠንቀቂያ ይጻፍበት፣ ይታረም፣ ሽያጩ ይቁም፣ ወይም የተሸጠውም ይሰብሰብ ይላል።

አደጋ ሁሉ ግን እንደ ምጣድ ነዝሮ አያስጠነቅቅም። የቤት ቀለምን ውሰዱ። በአንዳንድ ቀለም ውስጥ እርሳስ ይጨመራል። እርሳስ ስንል የምንጽፍበትን ሳይሆን ከባዱን ማዕድን ነው። ቀለሙ ሲላላጥ ሕፃን አቧራውን በእጁ ወደ አፉ ይወስዳል። የዓለም ጤና ድርጅት እንደሚያስረዳው፣ የሕፃን ሰውነት ከገባበት እርሳስ የሚመጠው ከአዋቂ አራትና አምስት እጥፍ ነው። አእምሮውን ይጎዳል፤ በዚያን ዕለት ግን ምንም አይታይም። ስለዚህ መንግሥት እ.ኤ.አ. በ2018 በደንብ ቁጥር 429 ገደብ አበጀ፤ በአንድ ኪሎ ደረቅ ቀለም ውስጥ ከ90 ሚሊ ግራም የበለጠ እርሳስ እንዳይኖር ከለከለ። እናት በዓይኗ የማታየውን ላቦራቶሪ ያይላታል ማለት ነው።

ይህን ሥራ አንድ መሥሪያ ቤት ብቻውን አይሠራውም። ደረጃ የሚያወጣው የኢትዮጵያ ደረጃዎች ኢንስቲትዩት ነው። ዕቃው ደረጃውን ማሟላቱን በላቦራቶሪ የሚፈትሸው የኢትዮጵያ የተስማሚነት ምዘና ድርጅት በ2003 ዓ.ም. ራሱን ችሎ ተቋቋመ። ገበያውን የሚቆጣጠሩት ደግሞ የንግድና ቀጣናዊ ትስስር ሚኒስቴርና የየከተማው የንግድ ቢሮዎች ናቸው። ሆኖም እነዚህ ሁሉ በየማዕድ ቤታችን አይቀመጡም። የነዘረውን ካልነገርናቸው ከየት ያውቁታል?

ወደ እኒያ እናት ልመልሳችሁ። የኤሌክትሪክ ሠራተኛ ተጠርቶ ምጣዱን ፈታው። ሸክላው ተሰንጥቋል። የመሬት ሽቦውም ሶኬቱ ባለ ሁለት ቀዳዳ ስለነበረ ተቆርጦ ተጥሏል። ይህ የአገጣጠም ጥፋት ነው። ነገር ግን በዚያው ግቢ የጎረቤት ምጣድ ሲታይ፣ የመሬት ሽቦ ከመጀመሪያውም አልተሠራለትም! ይህኛው የአሠራር ጥፋት ነው። ልዩነቱ ትልቅ ነው። የመጀመሪያው አንድ ቤት ይጎዳል፤ ሁለተኛው ግን ከዚያው እጅ የወጣውን ምጣድ የገዛውን ሁሉ ያሰጋል። ለተቆጣጣሪው መንገር የሚያስፈልገውም ስለዚህ ነው።

ካዛንቺስ ስሙን ያገኘው በወረራው ዘመን ለጣልያን መንግሥት ሠራተኞች ቤት ከሠራው ኢንቺስ ከሚባል ተቋም ነው። በ2017 ዓ.ም. አብዛኛው መንደር ሲፈርስ ብዙ ጎረቤቶቻችን ወደ ሌላ ሰፈር ተዛወሩ። ሰው ሲዛወር ምጣዱም አብሮት ይዛወራል። የተረፈውን ቁራሌው ይገዛዋል፤ ተጠግኖም ሌላ ቤት ይገባል። አሮጌ ምጣድ የምትገዙ፣ ጽሑፉ ያልጠፋ፣ መሰኪያው የመሬት ሽቦ ያለው መሆኑን ባለሙያ ያሳያችሁ።

ስለሆነም ዕቃ ስትገዙ ጽሑፉን አንብቡ፤ ደረሰኝ ተቀበሉ፤ አስቀምጡት። በ2006 ዓ.ም. የወጣው የንግድ ውድድርና የሸማቾች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 813 ሸማች በገዛው ዕቃ ለደረሰበት ጉዳት ካሳ የመጠየቅ መብት እንዳለው ደንግጓል። መብቱን ለመጠየቅ ግን ማስረጃ ያስፈልጋል። ዕቃው ከነዘራችሁ ማብሪያ ማጥፊያውን አጥፉ፣ ንቀሉ፣ በራሳችሁ አትፍቱት፤ ባለሙያ ጥሩ። ከዚያም ለወረዳው ንግድ ጽሕፈት ቤት አመልክቱ። ምን እንደገዛችሁ፣ ከየት እንደገዛችሁ፣ መቼና እንዴት እንደነዘራችሁ ጻፉ። አራት መስመር ይበቃል።

እኒያ እናት አራቱን መስመር በገዛ እጃቸው ጻፉ። ፊደሉ ትንሽ ጎብጧል፤ ነገር ግን ይነበባል።

ለመወያያ፦
1. በቤታችሁ «ለምደነዋል» የምትሉት ዕቃ የትኛው ነው?
2. በላዩ ላይ የተጻፉት ቁጥሮች ስንት ናቸው? ገልብጧቸው።
3. ጉዳት ቢያደርስ ሰንሰለቱ ከየት ይጀምራል? የትኛው ቀለበት ቢቆረጥ ይቆማል?

እስከሚቀጥለው ንግግራችን ደኅና ሁኑ።